ስድስት ቃል ለእኔ፣ ስድስት ቃል ለእሱ

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሰደብኩት። እውነቴን ነው!

ደባርቅ መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለች ትንሽ ሱቅ ውስጥ ሲም ካርድ እሸጣለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በጄኔሬተር የሰው ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። ዙፋን እባላለሁ፣ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው። ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ፤ ምላሴ ግን አላቆመም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል ይሉኛል የሰፈሩ ሰዎች።

ያን ቀን ሱቁ በሰው ታጭቋል። አንድ ረጅም ልጅ፣ ነጠላውን እንደ ቄስ አጣፍቶ፣ ከሁሉ ራስ በላይ እጁን ዘረጋና ስልኩን አቀበለኝ።

«እህቴ፣ ይቺን ቶሎ ብትሰኪልኝ? አስቸኳይ ነው።»

«ቁመት ያለው ሁሉ ቢቀድም ኖሮ ቀጭኔ ነበር የሚሾመው። ተራህን ጠብቅ!»

ሰው ሳቀ። እሱ ጆሮው ድረስ ቀላ። ግን አልሄደም። ተራው ደርሶ ስልኩን ስሰካለት ገመዱ ስላጠረበት ባንኮኒው ላይ አንገቱን ደፍቶ ማንበብ ጀመረ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያሰግድህ? ዳዊት እየደገምክ ነው?»

«አይ... የብሎክቼይን ኔትዎርኮችን እያወዳደርኩ ነው።»

«ሰዎች ስሙ! ይሄ ልጅ ሰደበኝ መሰለኝ!»

እሱም ሳቀ። ሲስቅ... ኧረ ተዉኝ። ሲስቅ አይቼው የሰው ስልክ በተሳሳተ ገመድ ሰካሁ። እኔ ዙፋን፣ በተሳሳተ ገመድ!

ቃለ አብ ይባላል። የዳባቱ የቄስ ቴዎፍሎስ ልጅ ነው። ዲያቆን ነበር፣ ከዚያ ፓርኩ ውስጥ አስጎብኚ ሆነ። ቱሪስት ሲቀር ሥራውም ቀረ። አሁን ውጭ አገር ላሉ ሰዎች ጽሑፍ ወደ አማርኛ ይተረጉማል፤ የሚከፍሉት በብር ሳይሆን በዚሁ በዲጂታል ሳንቲም ነው።

«አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አለኝ።

«በቅሎ ያከራያሉ። ጀምበሩ ብለህ ጠይቅ፣ እስከ ሳንቃ በር የማያውቃቸው የለም።»

«እንግዲያው ቀላል ነው። የደባርቅ በቅሎዎች የራሳቸው የተራ መዝገብ አላቸው አይደል? የአዲ አርቃዮቹም የራሳቸው። ዕቃ ወደ ቆላ ሲወርድ በቅሎ ይቀየራል። የእናንተ መዝገብ ‹ጭነቱ ወጥቷል› ቢል እዚያ ታች ያሉት ያምኑታል?»

«እነሱ እኛን መቼ አምነው ያውቃሉ!»

«አየሽ! ብሎክቼይን ሁሉም የሚያየው፣ ማንም የማይሰርዘው መዝገብ ነው። ችግሩ መዝገቡ ብዙ ነው፣ እርስ በርሱም አይነጋገርም። እኔ የማነበው የሚያነጋግሯቸውን ነው። ፖልካዶት የሚባለው ሁሉንም በአንድ ትልቅ ዘበኛ ሥር ያደርጋል። ኮስሞስ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ዘበኛ ይቅጠር፣ መልእክት የምንለዋወጥበትን ሥርዓት ብቻ እንስማማ ይላል።»

«ታዲያ ገንዘብ ቢያስገቡበት የቱ ያዋጣል?»

«በመጀመሪያው ትንሹም ይጠበቃል፣ ግን ጌታ አለበት። በሁለተኛው ነፃ ነሽ፤ ዘበኛሽ ከተኛ ግን የምትዘረፊው አንቺው ነሽ። ደግሞ ሥራው ጥሩ ሆነ ማለት ሳንቲሙ ይወደዳል ማለት አይደለም። ሁለቱም ክፉኛ ወርደው ያውቃሉ።»

«አንተስ የቱ ጋ ነህ?»

«ሁለቱም ጋ ትንሽ ትንሽ።»

«ፈሪ!»

«ፈሪ ለእናቱ» አለኝ፤ ስልኩን ነቅሎ ሄደ። ሳይሞላለት!

ከዚያ ወዲያ የዳባት መብራት በየሁለት ቀኑ ይጠፋ ጀመር። እሱ እንዲያ ይል ነበር፤ እኔም አላጣራሁም።

ክረምቱ አልቆ አደይ ሲፈነዳ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ አብረን ወጣን። ቁልቁል ደባርቅን እያየን ተቀመጥን። የነጠላውን ጥለት ይጠመዝዝ ጀመር።

«ዙፋኔ፣ ቀለበት የለኝም።»

«ጠየቅሁህ?»

«ሌላ ነገር ልስጥሽ። ሳንቲሞቼ ሁሉ ያሉበት፣ ስልኬ ውስጥ ያለው ዲጂታል ቦርሳ በአሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ነው የሚመለሰው። አልጻፍኩትም፤ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት በዜማ ነው የያዝኩት። ግማሹን አስይዝሻለሁ፣ እኔም ግማሹን እረሳዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያላንቺ አይከፈትም።»

መዘምራን ቀኝና ግራ ቆመው እንደሚቀባበሉት አደረግን። እሱ ስድስቱን ሲያዜም እኔ ስድስቱን እመልሳለሁ። ትርጉሙን አላውቀውም። ብዋሽ ይምታኝ፣ እስካሁን አንዱም ቃል አልጠፋኝም። አይ፣ እዚህ አልጽፈውም። ሞኝ መሰልኳችሁ?

ያን ቀን ከማንኛዋም ቀለበት ካጠለቀች ልጅ የበለጥኩ መሰለኝ። ደግሞ አንድ ረጅም ቁጥር ሰጠኝ፤ ስልኬ ላይ ሳስገባው ያለው ሳንቲም ሁሉ ይታየኛል፣ መንካት ግን አልችልም። በየጠዋቱ እንደ ልጅ ግንባር እዳስሰው ነበር።

ከዚያ ሀብተ ሚካኤል መጣ። የአዲ አርቃይ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፣ አይሱዙ መኪና አለው። አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ላከ።

እናቴ በሕፃንነቴ ነው ያረፈችው። አባቴ ብቻቸውን አሳድገውኛል። ስለዚህ ሲቆጡ አልፈራም፣ ድምፃቸው ዝቅ ሲል ነው የምፈራው። ያን ቀን ዝቅ አለ።

«የቄሱ ልጅ ጨዋ ነው። ግን በምን ያኖርሻል? በስልክ?»

«አባዬ፣ ገንዘብ አለው። ትንሽ ነው እንጂ አለው።»

«የት? አሳዪኝ። ልዳስሰው።»

ምን ላሳያቸው? ቁጥር?

«እንግዲህ ስሚኝ። እስከ ጥምቀት ሁለት በቅሎ ገዝቶ ማኅበራችን ውስጥ ተራ ይግባ። ቆሜ እድርሻለሁ። ካልሆነ ለሀብተ ሚካኤል ቃሌን እሰጣለሁ። እኔ ስሞት ሜዳ ላይ እንድትቀሪብኝ አልፈልግም።»

ለቃለ አብ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሳንቲሞቹ ታስረዋል ዙፋኔ። ወለድ እንዲያስገኙ አስሬያቸዋለሁ። ኮስሞሱ ይፈታ ብዬ ካዘዝኩ በኋላ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ፖልካዶቱ ወር ሊሞላ ምንም አይቀረው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? እዘዝ!»

አዘዘ። እየጠበቅን ሳለ ዋጋው ወረደ። ዳግመኛ ወረደ። እኔ ቻርጅ የማደርገውን ስልክ ሁሉ እያቀያየርኩ እሰካ ጀመር፤ የአንዱን ለአንዱ እሰጣለሁ። ገና አለፈ። ጥምቀት ደረሰ።

አንድ ጠዋት ያን ቁጥር አስገባሁ። ባዶ!

ደግሜ አስገባሁ። ባዶ። አንድ ሳንቲም የለም።

ግማሹ ቁልፍ እኔ ዘንድ እያለ እንዴት ተከፈተ? ሳይነግረኝ? ልደውልለት ስል መስመር የለም። ዳታውም በዚያው ሰዓት ተዘጋ፣ የዳባት መንገድም ተዘጋ ተባለ። በአንድ ቀን ሁሉም ነገር አፉን ዘጋ።

ጠበቅሁት። ታቦት ወጣ፣ ታቦት ገባ። አልመጣም። ልጃገረዱ ሁሉ ሲጨፍር እኔ ከአጥር ጥግ ቆሜ የሚመጣውን ነጠላ ሁሉ ቆጠርኩ። ረጅም ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል፣ ሲጠጋ ሌላ ሰው ይሆናል።

አሞኘኝ አልኩ። ያላንቺ አይከፈትም ያለኝ ሊያጫውተኝ ነው። እንደ ሕፃን በዜማ አስተኝቶኝ ሄደ።

«አባዬ፣» አልኩ፣ «ለሀብተ ሚካኤል እሺ በሉት።»

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። «በፈቃድሽ ነው?»

«በፈቃዴ ነው።»

ውሸቴን ነበር። ግን በንዴት የተናገሩት ውሸት ከእውነት የበለጠ ድምፅ አለው። አባቴ ሽማግሌ ፊት ቃላቸውን ሰጡ፤ ሰርጉ ከዓቢይ ጾም በፊት ሆኖ ተቆረጠ።

ቃለ አብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሱቁ ደጃፍ ቆመ። ጫማው አፉን ከፍቷል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል።

«ዙፋኔ...»

«ዙፋኔ አትበለኝ! ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ስድስቱን ቃል። ስልኬን ቀሙኝ። ያለ ቃሉ አሁን...»

«ለቃሉ ነው የመጣኸው?» ጮህኩ። «ያኔ ሳንቲሙን ስታወጣው ቃሌ አላስፈለገህም!»

«ስልኩ በእጄ እያለ ቃሉ አያስፈልግም። ቃሉ ስልክ ሲጠፋ ነው።»

«አሁን ነው የምትነግረኝ? ያላንቺ አይከፈትም አላልከኝም?»

አንገቱን ደፋ። «ደስ እንዲልሽ ነው ያልኩት... ቀለበት እንዲመስልሽ። ስሚኝ፣ ሁለቱን አንድ ቦታ ሰብስቤ ልሸጥ ከየኔትዎርካቸው ወደ ሌላ ሦስተኛ ኔትዎርክ ድልድይ በሚሉት አሻገርኳቸው። ከዚህ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ሄደሽ ‹ተቀበልኩ› ማለት አለብሽ። ሳልቀበል ዳታው ተዘጋ። መሐል ላይ ቀረ። ኢንተርኔት ፍለጋ ወደ ጎንደር በእግሬ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ሰዎች ስልኬን...»

«ድልድይ! መሐል ላይ! ገደል የገባ በቅሎ እንኳ ሬሳው ይገኛል! እኔ የማላውቀውን እየነገርክ አታጃጅለኝ። ታጭቻለሁ ቃለ አብ። በፈቃዴ።»

በባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለ፣ መጀመሪያ ቀን እንዳጎነበሰው፣ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋና የራሱን ስድስት ቃል ያዜምልኝ ጀመር።

«ተው! ምን ታደርጋለህ?»

ጆሮዬን ደፈንኩ። ዜማ ግን በጣት አይከለከልም።

«አሁን ሁሉም አንቺ ዘንድ ነው» አለ። «ከተገኘ ለሰርግሽ ይሁንሽ። እኔ ለገንዘብ እንዳልመጣሁ በሌላ በምን ላሳይሽ?»

ሄደ። እኔም አልጠራሁትም። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ አየሁት፤ አልጠራሁትም!

ከሳምንት በኋላ ዳታ ተለቀቀ። ሱቁ ውስጥ የተሰኩት ስልኮች ሁሉ ባንድ ላይ ጮኹ። እኔ በሩን ዘጋሁ። ቦርሳውን ስልኬ ላይ ጭኜ አሥራ ሁለቱን ቃል አንድ በአንድ አስገባሁ፤ ፊደሉን ባላውቀው ሁለት ሦስቱን ስጀምር ስልኩ ራሱ ይጨርስልኛል። የእሱን ስድስት፣ የእኔን ስድስት።

ተከፈተ።

ማዶ ላይ «ተቀባይ በመጠበቅ ላይ» የሚል ነገር አለ። ቀኑን አየሁ። ዳታው የተዘጋ ዕለት ማለዳ! ልክ እንዳለው። ስለ ድልድዩ አንዲት ቃል አልዋሸኝም። እዚያ መሐል ላይ፣ ማንም ሳይሰርቀው፣ ማንም ሳይቀበለው ተንጠልጥሎ ነበር።

‹ተቀበልኩ› የሚለውን ተጫንኩ። ገባ። ዋጋውን አየሁ፤ እንኳን ሁለት በቅሎ አንድ ውርንጭላ አይገዛም። ለገንዘቡ አላለቀስኩም። ለዚያች ቀንና ሰዓት አለቀስኩ።

በማግስቱ ቄስ ቴዎፍሎስ መስቀላቸውን ይዘው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ተነሥቼ ተሳለምኩ።

«ዙፋን የምትባዪ አንቺ ነሽ ልጄ?»

«አዎ አባ።»

«ልጄ ከአዲ አርቃይ ወዲያ ወዳለው ገዳም ወረደ። ‹አትፈልጉኝ፣ መንኩሼ እቀራለሁ› ብሎ ላከብኝ።» መስቀላቸውን ጨበጡ። «እኔ ካህን ነኝ፣ ምንኩስና አልጠላም። ነገር ግን ከኀዘን ሸሽቶ የደፉት ቆብ ራስ ላይ አይጸናም። ያ ልጅ ወደ እግዚአብሔር አልሄደም፣ ከሰው ሸሸ እንጂ። አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆይተው እንዲህ ብቻ አሉ፦ «እኔ ብሄድ አይወጣልኝም።»

ቤት ገብቼ ላመጣው እንደምወርድ ለአባቴ ነገርኩ። ተንበርክኬ ነው የነገርኳቸው።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ!» አሉ። «ሽማግሌ ፊት! በፈቃዴ ነው ያልሽ አንቺ!»

«ዋሸሁዎት አባዬ።»

«እንግዲያው ከዚህ ደጅ ከወጣሽ እኔም ልጅ አለችኝ ብዬ ዋሽቼ ነበር እላለሁ።»

ወጣሁ። ሊማሊሞን በአውቶቡስ ስወርድ፣ ያ ጠመዝማዛ ሁሉ ወደ ኋላ የሚመልሰኝ ይመስለኝ ነበር። ሰው በፌስታል ያስመልሰዋል፣ እኔ አለቅሳለሁ። አንዲት ሴትዮ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሎሚ ላሽትሽ» አሉኝ። የኔ ሕመም በሎሚ የሚድን ቢሆን!

አዲ አርቃይ ስደርስ መጀመሪያ የሄድኩት ሀብተ ሚካኤል ዘንድ ነው። ከኋላው ዞሬ ልሄድበት አልቻልኩም። መጋዘኑ ደጅ ጭነት እያስጫነ ነበር።

«ሙሽሪት! ሳትጠሪ መጣሽሳ?»

«አላገባህም ሀብተ ሚካኤል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የአባቴ አይደለም። ሌላ ሰው እወዳለሁ፣ ሊመነኩስብኝ ነው።»

ጫኞቹ ኩንታላቸውን እንደ ተሸከሙ ቆሙ።

«የሰርጉን በሬ ገዝቻለሁ!» አለ።

«ይቅርታ።»

«ድንኳን ተከራይቻለሁ!»

«ይቅርታ አልኩህ እኮ!»

«ደግሞ ትቆጫለሽ?» ፊቱን ወደ ተጫነው መኪና አዞረ። ሳያየኝ፦ «ያቺ መኪና በገዳሙ መንገድ ነው የምታልፈው። ጭነቱ ላይ ውጪ። ጋቢና ግን አላስቀምጥሽም፤ ያን ያህል ጻድቅ አይደለሁም።»

ሰሊጥ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ፀሐዩ አናቴን ሊከፍተው ደረሰ።

ገዳሙ ውስጥ ሴት አትገባም። ከወሰኑ ድንጋይ ላይ ቆሜ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አገኘሁ።

«አባ፣ ቃለ አብን ዙፋን መጣች፣ የሰጠኸኝን ልመልስ ነው ትላለች ይበሉልኝ።»

ሄዱ። ዘገዩ። ብቻቸውን ተመለሱ።

«ለእሷ የሰጠሁት ነው፣ አልወጣም ብሏል ልጄ። በሰላም ተመለሺ።»

የት እመለሳለሁ? የአባቴ ደጅ ተዘግቷል። ድንጋዩን ይዤ ተቀመጥኩ።

«አመነኮሳችሁት አባ?»

«ገና ረድእ ነው። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል። ደግሞ ያለቅሳል።»

«እንግዲያው አንድ ጊዜ ብቻ ይሂዱልኝ። ሀብተ ሚካኤልን እንቢ ብላለች ይበሉት። አባቷ አባርረዋታል። ድልድዩ ላይ የቀረው ተገኝቷል፣ ግን ዋጋው ረግፏል፣ በቅሎ አይገዛም። ስለዚህ ለገንዘብ አልመጣሁም። ቀኑን አይቻለሁ፣ አልዋሸኝም፣ ያላመንኩት እኔ ነኝ። ካልወጣ እዚሁ እቀመጣለሁ፤ ገዳሙን እያየሁ እመነኩሳለሁ፤ አፌን ደግሞ ያውቀዋል፣ ለመነኮሳቱ ቢያዝን ይሻለዋል!»

መነኩሴው ከት ብለው ሊስቁ ሲሉ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ይሄን ሁሉ እንዴት ብዬ ልያዘው?»

«እርስዎ ዳዊት የያዙ ሰው!»

ሄዱ። ጥላዬ እግሬ ሥር ነበር፣ ከእኔ ረዝሞ ሄደ። የሚመጣ የለም። ጸሎት አላውቅም፤ «አምላኬ፣ እሱን ስጠኝ እንጂ ሁለተኛ ሰው አልሳደብም» አልኩ። እሱም ውሸት ነው፤ ግን ያኔ ከልቤ ነበር።

ከዛፎቹ መሐል ረጅም ሰው ወጣ። ፀጉሩ ተላጭቷል። በባዶ እግሩ ነው። ከድንጋዩ ወዲያ ቆመ፣ እኔ ከድንጋዩ ወዲህ።

«አባትሽ አባረሩሽ?»

«አዎ።»

«በእኔ ምክንያት?»

«በእኔ ምክንያት። አንተን ባለማመኔ።»

«ዙፋኔ፣ እኔ እኮ ምንም የለኝም። በቅሎ የለኝም። ሥራ የለኝም። ስልክ እንኳ የለኝም!»

«ፀጉርም የለህም» አልኩ፤ እያለቀስኩ ነው ያልኩት።

ሊስቅ ፈለገ፣ አለቀሰ። «ብንራብስ?»

«እንራባለን። አንተ ትተረጉማለህ፣ እኔ ቻርጅ አደርጋለሁ። አንተ ከቀረህ ግን በልቼም አልጠግብም።»

ወደ ኋላ ዞሮ መነኩሴውን አየ። እሳቸው መስቀላቸውን አነሡ። «ሂድ ልጄ» አሉት። «እዚህ የገባኸው በሐሰት ነበር። በእውነት ውጣ።»

ድንጋዩን ተሻገረ።

የተጋባነው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ዳባት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በቁርባን፣ ያለ ድንኳን። ሳንቲሙን ግማሹን ሸጠን ለእሱ ያገለገለ ስልክና ለእኔ ቀሚስ ገዛን፣ ግማሹን ወደ ሁለቱ ኔትዎርኮች መልሰን ተውነው። የቱ ኔትዎርክ ይሻላል ለምትሉኝ፣ ባሌ አሁንም ሁለቱም ጋ ትንሽ ትንሽ ነው። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ለበቅሎ የሚሆን ገንዘባችሁን እዚያ አታስሩ።

ድግሱ ሊያልቅ ሲል አባቴ መጡ። ከበሩ ቆሙ። ሮጬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተነሺ» አሉ። «መጣሁ እንጂ ታረቅሁ አላልኩም።»

«እሺ አባዬ።»

ቃለ አብ ወንበር አቀረበላቸው፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ከላይ እስከ ታች አዩት።

«እግዜር ቁመቱን ሰጥቶሃል» አሉት። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ጠላውን ግን ደጋግመው አስቀዱ።